ከነጂው ፊት የሚበሩ መብራቶች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ የሚጓዝ መንገደኛ ዓይኑን የሚጥለው በሰላሌ ሜዳ፥ በዓባይ በረሓ ገደል፥ በእነማይም የጤፍ ማሳ ላይ ነው እንጂ ከነጂው ፊት ባለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ አይደለም። ሆኖም በዚያች ሰሌዳ ላይ የምትበራ አንዲት ቀይ ነጥብ በመኪናው ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ነፍስ የምትመለከት ጉዳይ ናት። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የዚያች ነጥብ ታሪክ ነው። ከየት እንደ መጣች፥ ወደ አገራችን በማን ቋንቋ እየተናገረች እንደ ገባች፥ በምሥራቅ ጎጃምም መንገድ ላይ ምን ትርጉም እንዳላት እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚነሣው ዘመን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሲሆን፥ የውጭ አገሩ አቈጣጠር ሲያስፈልግ እ.ኤ.አ. ተብሎ ይለያል።

ዳሽቦርድ የሚባለው ቃል ከአውቶሞቢል በፊት የነበረ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ፈረስ በሚስበው ሠረገላ ፊት፥ የፈረሱ ኮቴ የሚረጨው ጭቃ ነጂውን እንዳያቆሽሸው አንድ ሳንቃ ወይም የተወጠረ ቆዳ ይቆም ነበር። አውቶሞቢል በተሠራ ጊዜ ፈረሱ ሄደ፤ ሳንቃው ግን ቀረ። የቀረውም ሳንቃ ሥራ ፈትቶ አልተቀመጠም፤ በላዩ የዘይት ማንጠባጠቢያ ብርጭቆ ተተከለበት። በዚያ ዘመን የነበረው ነጂ ዘይቱ በብርጭቆው ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል እያየ ጠብታውን ይቈጥር ነበር። ጠብታው ሲያንስ ሞተሩ ተጠምቷል ማለት ነው። እንግዲህ መኪና ለነጂው የተናገረው የመጀመሪያ ነገር ስለ ዘይት ነበረ ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

አገራችን የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌ የሚባለውን መኪና ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ፥ መንገድ በሌለበት በረሓውን አቋርጦ አዲስ አበባ አገባው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም አዲስ ነገር ወዳጅ ነበሩና በመኪናው ተቀምጠው ሄዱበት። በዚያ መኪና ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት አልነበረም። ነጂው የሚተማመነው በጆሮው፥ በአፍንጫውና በእጁ ነበር፤ የተቃጠለ ዘይት ሲሸት፥ ብረት ከብረት ሲፋጭ ሲሰማ፥ የራዲያተሩ ክዳን እንፋሎት ሲተፋ ያን ጊዜ ያቆማል። ዛሬም ቢሆን በዕድሜ የገፉ ነጂዎቻችን «መኪና በጆሮ ነው የሚነዳ» የሚሉት ከዚያ ልማድ የተወረሰ ነው። ደግሞም ሐሰት አይደለም።

የእንፋሎቱን ነገር አስቀድሞ ለማወቅ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በአሜሪካ ቦይስ ሞቶሜትር የተባለ መሣሪያ ወጣ። ይኸውም በራዲያተሩ ክዳን ላይ እንደ ጉልላት የሚቆም ቴርሞሜትር ነበር፤ ነጂው ከመቀመጫው ሆኖ በመስተዋት አሻግሮ ቀዩ መስመር ወዴት እንደ ወጣ ያያል። ቀጥሎም የሙቀት፥ የዘይት፥ የባትሪና የነዳጅ መለኪያዎች አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገብተው በሳንቃው ላይ ተደረደሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ደግሞ ሐድሰን የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ አንድ ነገር አሰበ፤ ሰው መርፌ ሲወዛወዝ እያየ የሚመራመርበት ጊዜ የለውም፤ ዘይቱ ሲጐድል አንዲት ቀይ መብራት ብትበራ ይበቃል አለ። አሜሪካውያን ነጂዎች ግን ይህችን መብራት «የሞኝ መብራት» ብለው ሰየሟት። መርፌ ችግሩ ሲመጣ ከሩቅ ያሳያል፤ መብራት ግን ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው የምትጮኸው የሚል ነበር ክርክራቸው። በእኛ ግምት ክርክሩ እውነትነት ቢኖረውም ያሸነፈችው መብራቷ ናት፤ ምክንያቱም መርፌውን የሚያነብ ጥቂት ሲሆን፥ ቀይ ብርሃንን የማያይ ግን የለም።

የቀይ ነገርም ከባቡር የመጣ ነው። በአውሮፓ የባቡር ሐዲድ ላይ ቀይ ፋኖስ «ቁም» ማለት ከሆነ ብዙ ዘመን ነበረው፤ ከዚያ ወደ ከተማ መንገድ፥ ከመንገድም ወደ መኪናው ሰሌዳ ገባ። ቀይ ማለት አሁኑኑ ቁም፤ ብርቱካናማ ማለት ተጠንቀቅ፥ ቶሎም አስመርምር፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ማለት ደግሞ ሥራ ላይ ያለ ነገር አለ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉ ፋብሪካዎች ሁሉ በዚህ ሥርዓት ይሄዳሉ። ይህን ያህል ብቻ የሚያውቅ ሰው፥ ምንም ቋንቋ ባያውቅ፥ ከሰሌዳው የሚናገረውን እኩሌታ አወቀ ማለት ነው።

ወደ ጎጃም እንመለስ። ዛሬ የምንጠቀምበት የአዲስ አበባና የደብረ ማርቆስ መንገድ መስመሩ በአብዛኛው የተወጠነው በኢጣልያ የወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከጦሩ ጋራ ፊያት 634 እና ላንቺያ የሚባሉ ካሚዮኖች በብዛት ገቡ። በሰሌዳቸው ላይ የተጻፈው ሁሉ በኢጣልያንኛ ነበረ። ከእነዚህም ካሚዮኖች ጋራ የሥራው ቃል ሁሉ መጣ፤ መኪና፥ ጎማ፥ ፍሬን፥ ማርሽ፥ ፍሪሲዮን፥ ካንዴላ፥ ባሌስትራ፥ ኩሽኔታ የምንላቸው ሁሉ የኢጣልያንኛ ልጆች ናቸው። በየዓመቱ በመስተዋት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ እንኳ ማኅተም ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። ጠላት በጦር ተሸንፎ ወጣ፤ ቃሉ ግን በጋራዥ ውስጥ ቀርቶ አማርኛ ሆነ። ይህን አንዳንድ ሰዎች ያፍሩበታል። እኛ ግን የምናፍርበት ምክንያት አይታየንም፤ ቃሉን የወሰደው ሥራውን የተማረው ሰው ነውና።

ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ቢቸና አገር ግን ካሚዮን እንደ ልቡ አይሄድም ነበር። በዚያ አርበኛው በላይ ዘለቀ ነበረ። ከሞጣም ወደ ቤጌምድር የሚያሻግረው፥ በጎንደር ነገሥታት ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ በዚያው በወረራው ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉ ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ የሚባል ስም ወጣለት። ከዚያ በኋላ ከ60 ዓመት በላይ ሕዝቡ ከወዲህና ከወዲያ በገመድ እየተጓተተ ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የአሜሪካ በጎ አድራጊ ማኅበር ከአገሬው ሰው ጋራ ሆኖ ስባሪውን ጠገነው፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከውሃው ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ይህን የምናነሣው ሞጣ ለመኪና ምን ያህል ዳር አገር ሆና እንደ ኖረች ለማሳየት ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም ትልቁ ሥራ በዋና ዋናዎቹ መንገዶች ላይ ስለ ነበረ፥ ከደጀን ተገንጥሎ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በፈለገ ብርሃን አድርጎ ወደ ሞጣና ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው መንገድ ለረጅም ዘመን የክረምት ጭቃ ሲፈታተነው ኖሯል።

ከጉዳያችን ጥቂት ወጣ ብንልም፥ እነዚህ ሁለት አገሮች ሲነሡ የ1960 ዓ.ም. ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። በዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፥ ገበሬው ርስቴ ሊለካ ነው፥ ርስትነቱም ሊቀርብኝ ነው ብሎ ሠጋ፤ የሞጣና የቢቸና አውራጃዎችም የዐመፁ ዋና ቦታዎች ሆኑ። ምልክቱ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ በርቶ ነበር፤ በ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በነበሩት ዓመታትና በ1942 ዓ.ም. ጎጃም በዚሁ በመሬት ግብር ምክንያት ተነሥቶ ነበር። ሦስተኛው ጊዜ ሲመጣ ጦርና አውሮፕላን ተላከ፤ ሰው አለቀ፤ በመጨረሻም እንደራሴው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥፍራው ተነሥተው ውዝፉ ግብር ተሰረዘ። የመሥሪያ ቤት ሰው የሆናችሁ አንባብያን ከሞተር ብቻ ሳይሆን ከወረዳ የሚመጣም ቀይ መብራት እንዳለ ከኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ ወደ መኪናው እንመለስ።

ወደ ቢቸናም ሆነ ወደ ሞጣ ከአዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ የዓባይን በረሓ መውረድ አለበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ከደጋው ጫፍ እስከ ወንዙ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ከዚያም ያን ያህል ይወጣል። አሮጌው ድልድይ ለ60 ዓመት ገደማ አገልግሎ፥ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ በ2001 ዓ.ም. መግቢያ ተመርቋል። ድልድዩ አዲስ ይሁን እንጂ ቁልቁለቱ ያው የቀድሞው ነው።

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። 10 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን ካሚዮን 1,300 ሜትር ሲወርድ፥ ቁልቁለቱ የሚሰጠው ጉልበት ሁሉ በፍሬን ብቻ ቢያዝ፥ ያ ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ 400 ሊትር ውሃ፥ ማለት ሁለት በርሜል ሙሉ፥ ከቀዝቃዛነቱ አንሥቶ እስኪፈላ ድረስ ያደርሰዋል። ያ ሁሉ እሳት የሚያርፈው በጎማዎቹ ውስጥ ባሉት ጥቂት ብረቶች ላይ ነው። ብረቱ ሲግል ይሰፋል፥ ከሸራውም ይርቃል፤ ሸራውም ራሱ ሲግል የመያዝ ኀይሉ ይላላል፤ የፍሬኑ ፈሳሽ ከፈላ ደግሞ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ እስከ ወለሉ ባዶውን ይወርዳል። በየጊዜው «ፍሬን እምቢ አለው» እየተባለ የሚነገረው አደጋ ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። ፍሬኑ በድንገት አልከዳም፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲለምን ነበር።

ስለዚህ የቀደሙት የካሚዮን ነጂዎች፥ ኤን ትሬ የሚባለውን ፊያት ይዘው ይህን መንገድ የተመላለሱት፥ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። በዝቅተኛ ማርሽ የሚወርድ መኪና ሞተሩ ራሱ ይይዘዋልና ፍሬኑ ያርፋል። ነዳጅ ለመቈጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚለቅ ነጂ የሚቈጥበው ቢኖር እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚያሲዘው ግን የተሳፋሪውን ነፍስ ነው። በነፋስ ፍሬን በሚሠሩት ትልልቅ መኪኖች ላይ ደግሞ የአየሩን ግፊት የሚያሳይ መርፌና ከርሱ ጋራ የሚጮኽ ደወል አለ። በተደጋጋሚ ፍሬን የሚረግጥ ነጂ አየሩን ይጨርሳል፤ ግፊቱ በብዙዎቹ መኪኖች ወደ 4 ባር ገደማ ሲወርድ ቀዩ ይበራል፥ ደወሉም ይጮኻል። ያን ጊዜ ለመቆም የቀረው ዕድል ጥቂት ነው። ድምፁ ስለ ሰለቻቸው ብቻ የደወሉን ሽቦ የሚበጥሱ ነጂዎች መኖራቸውን በየጋራዡ ትሰማላችሁ። ይህን ለሚያደርግ ሰው የምንሰጠው ስም በጋዜጣ የሚጻፍ አይደለም።

ቁልቁለቱ የፍሬን ነው፤ አቀበቱ ደግሞ የውሃ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ቢኖር ውሃ በሁሉ ቦታ እኩል አለመፍላቱ ነው። በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፥ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባሉት በቢቸናና በሞጣ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከዓባይ ሙቀት ተነሥቶ ደጀን ላይ የሚወጣ መኪና ሞተሩ እጅግ በሚሠራበት ሰዓት ውሃው ደግሞ ቶሎ ወደሚፈላበት አገር እየገባ ነው። የራዲያተሩ ክዳን በምንጭ ብረት ተጭኖ የሚዘጋው ለዚሁ ነው፤ ግፊቱ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑ ላስቲኩ አርጅቶ ግፊት የማይይዝ ከሆነ፥ በአዲስ አበባ ከተማ ውስጥ ደኅና የሚሄድ መኪና በደጀን አቀበት ላይ ያፈላል። የሙቀቷ ቀይ መብራት ስትበራ ዳር ይዞ መቆም፥ ሞተሩ እስኪበርድ መታገሥ ነው እንጂ ወዲያው ክዳኑን መክፈት አይገባም፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው ባንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ፊታቸውና እጃቸው የተቃጠለ ረዳቶች ብዙ ናቸው። ረዳቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ ነው፤ «ክፈት» ሲሉት ይከፍታል።

በከተማችን ብዙ ዘመን የነገሠችው ቮልስ ግን የውሃ ነገር አያውቃትም ነበር፤ ሞተሯ በነፋስ የሚበርድ ነውና። በሰሌዳዋ ላይ ከአንድ የፍጥነት መለኪያ በቀር ምንም የላትም ለማለት ይቻላል፤ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የነዳጅ መለኪያ እንኳ አልነበራትም፤ ቤንዚኑ ሲያልቅ በእግር የሚዞር የመጠባበቂያ ቧንቧ ነበራት። ከቀድሞዎቹ የሁለት መብራት ባለቤት ነበረች፤ አረንጓዴዋ የዘይት፥ ቀይዋ የዲናሞ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሳሳተ። ቀይዋ ስትበራ «ባትሪ አልሞላም ማለት ነው፤ ቀን ነው፥ መብራት አያስፈልገኝም» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ነገር ግን በቮልስ ላይ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጊያ ማቀዝቀዣውንም ነፋስ የሚያዞረው ያው ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ነፋስ የለም፤ ነፋስ ከሌለ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ሞተሩ ይቃጠላል። አረንጓዴዋም ብትሆን መልካም ዜና አይደለችም፤ ዘይት የለም የምትል አረንጓዴ ናት። የቀለሙ ሥርዓት ገና ሳይጸና በፊት የተሠራ መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል። መብራት አለ ማለት ትርጉሙ ታወቀ ማለት እንዳልሆነም እንዲሁ።

በየአገሩ ቋንቋ መጻፉ ለፋብሪካዎች ስላልተመቸ፥ ፊደል ቀርቶ ሥዕል ይሁን ተባለ። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በቍጥር 2575 በሆነው ደረጃው የመኪና ሥዕሎችን አንድ አደረጋቸው። የዘይቱ ሥዕል ከአፉ ጠብታ የሚጥል የዘይት ማንቈርቈሪያ ነው፤ የእኛ ሰው ግን ሲያየው ጀበና ይመስለዋል። ይሁን፤ ጀበናው ቀይ ሆኖ ከበራ ሞተሩን ማጥፋት እንደሚገባ ያወቀ ሰው ስሙን ጀበና ቢለው ጕዳት የለውም። የሙቀቱ ሥዕል በማዕበል ላይ የቆመ ቴርሞሜትር ነው። የባትሪው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ሣጥን ነው። የፍሬኑ በክብ ውስጥ ያለ ቃለ አጋኖ ነው፤ ይህ ሥዕል የእጅ ፍሬን ሲያዝም ስለሚበራ፥ ነጂው መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ያያል፤ ከለቀቀም በኋላ ካልጠፋ የፍሬኑ ፈሳሽ ጐድሏልና አይሄድም። ቍልፉ ሲዞር ሁሉም ሥዕሎች ለአንድ አፍታ አብረው የሚበሩት በከንቱ አይደለም፤ አምፖላቸው ደኅና መሆኑን እየመሰከሩ ነው። በዚያ ሰዓት ያልበራች መብራት በችግር ቀንም አትበራም። መኪና ሊገዙ የሚሄዱ አንባብያን ይህን ልብ ይበሉ፤ መብራቷ ስላስቸገረች አምፖሏን ነቅሎ የሚሸጥ ነጋዴ አለና።

አንድ ጊዜ ይህ ጸሓፊ ለሥራ ወደ ሞጣ ሲሄድ፥ ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ያች ጀበና የመሰለችው ቀይ መብራት በራች። አብሮን አንድ ሹም ነበሩ፤ ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም አንጠቅስም። ነጂው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ምንም ሳይናገሩ ዳር ያዙና ሞተሩን አጠፉ። ሹሙ ሰዓታቸውን አይተው፥ «ጋሼ፥ ስብሰባው በአራት ሰዓት ነው። ሞጣ ስንደርስ መካኒክ እናሳያለን፤ ይንዱ እንጂ» አሉ። ነጂውም፥ «ጌታዬ፥ መካኒክ የሚያየው ሞተር እንዲኖረን ነው ያቆምኩ» ብለው ወረዱ። ከመኪናው ሥር ሲያዩ ድንጋይ የዘይቱን ማጠራቀሚያ በስቶት፥ ያለፍንበት መንገድ በዘይት ተሰምሮ ነበር። ከሁለት ሰዓት በላይ ቆይተን አንድ የጭነት መኪና እስከ ሞጣ ጐተተን፤ ስብሰባውም ያለ እኛ ተካሄደ። የተበሳው በማግሥቱ ተበየደ፤ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዘይት የሌለው ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ብረቱ ከብረቱ ተጣብቆ እንደሚቀር፥ እድሳቱም ከአንድ ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ እንደሚበልጥ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ይህን የጻፍነው ሹሙን ለመንቀፍ አይደለም። ነገር ግን በመንግሥት መኪና የሚሄድ ባለሥልጣን በነጂው ላይ ሥልጣን አለው፤ በዘይቱ ላይ ግን የለውም። «ንዳ» የሚለው ቃል ከኋላ ወንበር ሲነገር ቀላል ነው። ሁሉም ነጂ ደግሞ እንደዚያ ያለ ሽማግሌ አይደለም፤ ወጣቱ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ይፈራል፥ ይነዳል። እንግዲህ ከኋላ የተቀመጠው ሰው መብራቷ ምን እንደምትል ቢያውቅ፥ ቢያንስ ነጂውን ከሁለት ፍርሃት ያድነዋል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ዘመን የኮምፒዩተር ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት የአየር ብክለትን ለመቀነስ ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች የራሳቸውን ጕድለት የሚመዘግብ መሣሪያ እንዲኖራቸው አዘዘች፤ ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ደግሞ በመላው አሜሪካ አንድ ዓይነት መሰኪያና አንድ ዓይነት የቍጥር ቋንቋ ግዴታ ሆነ። አውሮፓም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለች። ብርቱካናማዋ የሞተር ሥዕል የዚህ ልጅ ናት። ይህች ሥዕል ከሌሎቹ የምትለየው ምክንያቷን አለመናገሯ ነው፤ የነዳጅ ክዳን ስለ ላላም ትበራለች፥ ሞተሩ አንዱን እሳት ስላልተኰሰም ትበራለች። ያለማቋረጥ የበራች እንደ ሆነ መኪናውን ቀስ ብሎ ወደ ጋራዥ መውሰድ ይቻላል፤ ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ ማውጫው እየገባ ነውና ፍጥነት ቀንሶ ቶሎ መቆም ይሻላል። በአዲስ አበባ ጋራዦች ኮምፒዩተር ሰክተው ቍጥሩን የሚያነቡ ወጣቶች ዛሬ ሞልተዋል። አንዳንዱ ግን መንሥኤውን ሳይነካ ቍጥሩን ብቻ አጥፍቶ ገንዘብ ይቀበላል፤ መብራቷም ሱሉልታ ሳይደርሱ ተመልሳ ትበራለች።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፥ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በብዛት መግባት ጀመሩ። በእነዚህ ሰሌዳው ሳንቃ መሆኑ ቀርቶ ቴሌቪዥን ሆኗል፤ መብራት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። የዓባይ በረሓም ለእነርሱ ሌላ ነገር ሆነ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ እየዞረ መኪናውን ይይዛል፥ ያገኘውንም ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሳል። 2 ሺህ ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ ሲወርድ ቁልቁለቱ የሚሰጠው ጉልበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነውና፥ ከዚህ ደኅና አድርጎ የሚመለስ አለ። ነገር ግን ባትሪውን አፍ እስካፉ ሞልቶ ወደ ቁልቁለቱ የገባ ሰው ያ ጉልበት የሚገባበት ቦታ ያጣል፤ መኪናውም በሞተሩ መያዙን ይቀንስና «የመመለሻው ፍሬን ተወስኗል» የሚል ማስታወቂያ ይጽፋል። ይህን ያላነበበ ነጂ እግሩን ሲያነሣ መኪናው እንደ ለመደው አይያዝለትም፤ ይደነግጣል። ስለዚህ በበረሓው አፋፍ ላይ ጥቂት ጐደሎ ባትሪ ከሙሉ ባትሪ ይሻላል። በአቀበቱ ላይ ደግሞ ባትሪው ሲደክም ወይም ሲግል የኤሊ ሥዕል ይበራል፤ ጉልበት ቀንሻለሁ፥ ቀስ ብለህ ሂድ ማለቱ ነው። የኤሊው ሥዕል ከጀበናው ይልቅ ለእኛ ሰው ግልጽ ይመስለናል።

ችግሩ ማስታወቂያው የሚጻፍበት ቋንቋ ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ወደ አገራችን ገብተዋል፤ እነርሱም የሚናገሩት በቻይንኛ ነው። የአባቶቻችን ካሚዮን በኢጣልያንኛ፥ ቮልስ በቀለም፥ ቶዮታ በእንግሊዝኛ ሲናገሩን ቆይተው፥ አሁን ደግሞ ነጂው መንገድ ዳር ቆሞ ስልኩን ወደ ሰሌዳው እያነሣ ትርጉም ሲለምን እናያለን። ቀለሙ ቀይ ከሆነ ሳይተረጐምም መቆም እንደሚገባ ከላይ ተናግረናል። የቀረው ግን መተርጐም አለበት፤ ይህም የመሥሪያ ቤትና የቋንቋ ሰዎች ሥራ ነው።

ሥራው እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። የእንግሊዝኛው ማስታወቂያ ነጂውን «ቁም» ሲለው ወንድ ይሁን ሴት፥ ልጅ ይሁን ሽማግሌ መጠየቅ የለበትም። አማርኛ ግን ይጠይቃል። «ቁም» ቢል ሴቲቱ ለኔ አይደለም ትላለች፤ «ቁሚ» ቢል ወንዱ ይስቃል፤ «ይቁሙ» ቢል ለሽማግሌው መልካም ነው፥ ነገር ግን ፍሬኑ እየጠፋ ያለ መኪና እንደ እልፍኝ አስከልካይ በትሕትና መናገሩ ጥቂት ያስገርማል። «መቆም ያስፈልጋል» የሚለው ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል፥ በትንሽዋ መስኮትም አይበቃም። እኛ ብንጠየቅ ንግግሩ ለነጂው መሆኑ ቀርቶ ስለ መኪናው ቢሆን እንመርጣለን፤ «ፍሬን የለም፤ መኪናው ይቁም።» ይህ ለወንድም ለሴትም፥ ለጌታም ለነጂም እኩል ነው፤ ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ያነብበዋል።